ከሌንስና ከካሜራ የቱ ይቀድማል?

የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ወይም ከወር ደመወዙ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመ ወጣት ካሜራ ለመግዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚል ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገና ሳይጠየቅ ቁጥሩን ይነግረዋል። ገዢውም በቁጥሩ ብዛት ተደስቶ፣ ከፊት የተገጠመው ሌንስ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ሳይመረምር ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። የብዙ ወራት ቁጠባ የወጣበት ዕቃ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ ባለቤቱም «ፎቶግራፍ የኔ ዕድል አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የዕድሉ ሳይሆን የአመራረጡ ነው።

ካሜራን ለመመዘን በሱቅ መስታወት ውስጥ ከማየት ይልቅ በሚሠራበት ቦታ ማሰብ ይበልጣል። በዚህ ረገድ እኛ በሮቤና በጎባ አካባቢ የምንገኝ ሰዎች ዕድለኞች ነን። በምዕራብ በኩል በዲንሾ አጠገብ የጋይሳይ ሜዳ አለ፤ ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ አለ፤ ከአምባው ማዶ ሲወርዱ የሐረና ጫካ ይገኛል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ፣ አገሩን በፎቶግራፍ ለማስቀረት የሚፈልገው ወጣት ቁጥር ቀላል አይደለም። እንግዲህ በዛሬው ዓምዳችን ዕቃውን ወደነዚህ ቦታዎች ይዘን እየወጣን ብርታቱንና ድካሙን እንመዝናለን።

የሁለቱ የሥራ ድርሻ

ካሜራ የምንለው መሣሪያ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሌንሱ ሲሆን፣ ሥራው ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ምስሉን መሥራት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት ዋናው አካል ሲሆን፣ ሥራው ሌንሱ ያቀረበለትን ምስል በጊዜው ተቀብሎ መመዝገብ ነው። ሌንሱ ያላየውን ቦዲው ሊመዘግበው አይችልም፤ ሌንሱ ያደበዘዘውንም ቦዲው መልሶ ሊያጠራው አይችልም።

በሌንሱ ላይ ሁለት ዐይነት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው እንደ 18፣ 50 ወይም 250 ያለ፣ በሚሊሜትር የሚነገረው ርዝመት ነው። ይህ የዕቃው ቁመት ሳይሆን፣ ከሩቅ የመጣው ብርሃን ሌንሱን አልፎ ጥርት ያለ ምስል እስከሚሠራበት ድረስ ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ አገር ያሳያል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ሁለተኛው እንደ 1.8 ወይም 5.6 ያለው የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ርዝመቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው ይኸው ነው።

በሳነቴ ላይ የሚሠራ ሒሳብ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የዚህ አምባ ባለቤት ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ በጠቅላላውም የቀሩት 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለ ሆነ ለፎቶግራፍ አንሺ የተመቸ አውሬ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀይ ቀበሮ ከእኛ 50 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ከትከሻው እስከ መሬት ያለው ቁመት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጃችን ያለው ከአዲስ ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር የተባለው ሰሌዳ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡት ካሜራዎች ውስጥ ቁመቱ 15 ሚሊሜትር ያህል ነው። 60 ሴንቲ ሜትሩን ለ50 ሜትር አካፍለን በ55 ስናባዛው፣ የቀበሮው ምስል በሰሌዳው ላይ 0.66 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ይህም ከሥዕሉ ቁመት ሃያ ሦስተኛው እጅ ማለት ነው። በ250 ሚሊሜትር ሌንስ ቢነሣ ግን 3 ሚሊሜትር፣ ማለት ከሥዕሉ አንድ አምስተኛውን ይይዛል።

አሁን ሻጩ ወደሚያሞግሰው ወደ ሜጋፒክስል እንመለስ። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ከላይ እስከ ታች 4,000 የሥዕል ነጥቦች አሉት። በ55 ሚሊሜትር ሌንስ ሲነሣ ከእነዚህ ለቀበሮው ቁመት የሚደርሱት 176 ብቻ ናቸው። 12 ሜጋፒክስል ብቻ ያለው አሮጌ ካሜራ ከላይ እስከ ታች 2,850 ያህል ነጥቦች ሲኖሩት፣ 250 ሚሊሜትር ሌንስ ቢገጠምለት ለቀበሮው 570 ነጥብ ያደርስለታል። ግማሽ ሜጋፒክስል ያለው አሮጌው ካሜራ ከአዲሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ዝርዝር አስገኘ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ሌንሱ ነው። አንድ የመጽሔት ገጽ የሚያህል ሥዕል በጥራት ለማተም ዘጠኝ ሜጋፒክስል ያህል ስለሚበቃ፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ቁጥር ሁሉ ገንዘብ መክሰስ አያስፈልግም።

በአጭር ሌንስ ያንኑ ያህል ምስል ለማግኘት የሚቀረው መንገድ መጠጋት ነው። ሒሳቡ የሚለው በ55 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 11 ሜትር ድረስ ቅረብ ነው። 11 ሜትር ድረስ የቀረበ ሰው ግን ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑ ቀርቶ አባራሪ ይሆናል። ቀበሮው ያደፈጠበትን ፍልፈል ትቶ ይሸሻል፤ ግልገሎች ያሏት እናት ከሆነችም ከጉድጓዷ ትርቃለች። 500 ብቻ በቀሩት ፍጥረት ላይ ይህ ቀላል በደል አይደለም። የሌንስ ርዝመት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ሌንሱ ሩቁን ማቅረቡ ብቻ ሳይሆን እኛን በአክብሮት ርቀን እንድንቆም ማድረጉም ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለን። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ኢኮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች ቀይና ቢጫ የሆነውን ረዥም የደጋ አበባ የማር ውሃ እንደሚልሱ ገልጧል። አንዳንዶቹ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ድረስ ሲጎበኙ ታይተዋል። ከጥናቱ ጋር የወጡት ፎቶግራፎች ቀበሮው በምላሱ አበባውን ሲልስና አፍንጫው በአበባው ዱቄት ተለውሶ ያሳያሉ። እንዲህ ያለው ሥዕል በማባረር አይገኝም፤ አውሬው ሰው መኖሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር የራሱን ኑሮ ሲኖር ብቻ ይገኛል።

ረዥም ሌንስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በካኖን ካሜራ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ርካሽ ሌንሶችን እናወዳድር። አንደኛው ከ75 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርሰው ባለ ሦስተኛ ተራ ቁጥሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ55 እስከ 250 የሚደርሰውና ኤስ ቲ ኤም የሚል ምልክት ያለበት ነው። ገዢው 300 ከ250 ይበልጣል ብሎ የመጀመሪያውን ያነሣል። ይህ ሌንስ ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ የለውም፤ 300 ላይ ሲደርስም ጥራቱ ይላላል፤ በብሩህ ነገር ጠርዝ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው መሥመር ያወጣል። ሁለተኛው ማረጋጊያ አለው፤ እስከ ጫፉ ድረስም ጥራቱን ይጠብቃል፤ ክብደቱም 375 ግራም ብቻ ሲሆን የፊተኛው 480 ግራም ነው። በሳነቴ ነፋስ ውስጥ 50ው ሚሊሜትር ቢቀር የሚሻል መሆኑን የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የእኛን እጅ እንጂ የአውሬውን እግር አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለሚሮጥ ቀበሮ የመዝጊያውን ፍጥነት ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ማድረስ ያስፈልጋል።

ብርሃን በሌለበት አገር

ከሳነቴ ወደ ሪራ ሲወርዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩ ይለወጣል። ከራቁት አምባ ወጥተን ሙጭርጭር ባለው፣ ጉምና ሽበት በለበሰው የሐረና ጫካ ውስጥ እንገባለን። እዚህ ችግሩ ርቀት ሳይሆን የብርሃን ማነስ ነው። ቅድም ያመሰገንነው ረዥም ሌንስ እዚህ ይደክማል፤ ቀዳዳው 5.6 ስለ ሆነ በቂ ብርሃን አያስገባም።

ለዚህ ቦታ የሚሻለው 50 ሚሊሜትር ርዝመትና 1.8 ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሌንስ ነው። 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛው አሥር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ ይህ ሌንስ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በሌላው ሌንስ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ የሚወስድና በእጅ መንቀጥቀጥ የሚበላሽ ሥዕል፣ በዚህኛው ከመቶ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ወስዶ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዋጋውም ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ድካሙ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይል መሆኑ ነው፤ መቅረብ ሲያስፈልግ በእግር መሄድ ያሻል።

ይኸው ሌንስ ለሰው ፊትም የተስማማ ነው። ስልክና ሰፊ ሌንስ ለሰው ፊት በጣም ተጠግተው ሲያነሡ አፍንጫን ያገዝፋሉ፤ ጆሮን ያሳንሳሉ። 50 ሚሊሜትሩ ግን ሁለትና ሦስት ሜትር ርቀን እንድንቆም ስለሚያደርገን ፊት እንደ ተፈጠረ ይወጣል። በሮቤ ገበያ አንድ እናት ወይም አንድ አዛውንት ስናነሣ አስቀድመን ፈቃድ መጠየቅ፣ ሥዕሉንም አሳትመን መስጠት ሌንሱ የማያስተምረን ጨዋነት ነው።

የኒኮን ካሜራ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። እንደ ዲ 3500 እና ዲ 5600 ያሉት ርካሽ ቦዲዎች ሌንስ የሚያዞር ሞተር በውስጣቸው የላቸውም። ስለዚህ ዲ የሚል ፊደል ያለበት አሮጌው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢገጠምባቸው ጥራቱን በራሱ አያስተካክልም፤ በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል። ጂ የሚል ፊደል ያለበትና ኤ ኤፍ ኤስ የተባለው ግን የራሱ ሞተር ስላለው ይሠራል። በአንድ ፊደል ልዩነት ገንዘብ የሚባክነው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ለሰፊው አገር፣ ለሮቤ የስንዴ ማሳና ለተራራው ገጽ፣ ሰው ሁሉ የሚንቀው ከ18 እስከ 55 የሚደርሰው ሌንስ ይበቃል። ቀዳዳውን 8 ላይ አድርገው ቢያነሡበት ከብዙ ውድ ሌንስ ጋር በቀላሉ አይለይም። በዲንሾ ጽሕፈት ቤት ግቢ ሰው የለመዱትን የደጋ አጋዘኖች ለማንሣትም ከ100 ሚሊሜትር ብዙ የሚበልጥ አያሻም። ወይብ ወንዝ በሸረሸረው በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ሌንስ ሳይሆን ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ ብዙ ሴኮንድ የሚያቆይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ነው።

ፈረሱን ስለ መመዘን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የባሌ ሰው ፈረስ አዋቂ ስለ ሆነ የዚህ ምሳሌ ትርጉም አይጠፋውም። ቦዲው ፈረስ ነው፤ ሌንሱንና አንሺውን ከቦታው ማድረስ አለበት፤ በመንገድ ላይ የሚዝል ከሆነ ግን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ቦዲን ስንመዝን የምንጠይቀው በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ብርድና በዚህ አቧራ ውስጥ ምን ያህል ይጸናል ብለን ነው።

አንደኛ፣ ባትሪው ነው። በሳነቴ ሌሊቱና ማለዳው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባትሪ ብርድ ሲያገኘው ኀይል የሚሰጥበት ኬሚካዊ ሥራ ይዘገያል፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያለቀ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ሁለተኛ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ መያዝና እያፈራረቁ መጠቀም ነው። በዚህ በኩል መስታወት ያለው የቀድሞው ዐይነት ካሜራ ከአዲሱ መስታወት አልባው ይበረታል፤ ምክንያቱም በመስታወቱ በኩል ማየት የባትሪ ኀይል አይፈጅም። መስታወት አልባው ደግሞ ቀላል ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያነሣል፤ አዳዲሶቹ የአውሬውን ዐይን ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ። ድምፅ አልባነቱ ለቀበሮ ትልቅ ጥቅም ሲሆን፣ ዋጋው ግን ለጀማሪ ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማያው ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የቀትር ፀሓይ ከኋላ ያለውን ስክሪን ያጨልመዋል። ስለዚህ በዐይን ተጠግተው የሚያዩበት መስኮት የሌለው ካሜራ በአምባው ላይ ዕውር ነው። የስልክ ካሜራ ድካሙም አንዱ ይኸው ነው፤ ሰሌዳው በጣም ትንሽ መሆኑ፣ ብዙዎቹም ሩቁን የሚያቀርቡት ሥዕሉን በመቁረጥ እንጂ በሌንስ አለመሆኑ ሌላው ነው። ለሰፊ አገርና ለቅርብ ነገር ግን ስልክ የሚናቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልማል፤ የሰውየውም ፊት ይጠፋል። ብርሃኑን በፊቱ ላይ ብቻ ለመለካት የሚያስችል ወይም መጠኑን በአንድ ቁልፍ ለመጨመር የሚፈቅድ ቦዲ ይመረጣል።

ከሳነቴ ብርድ ወደ ሐረና እርጥበት የሚወርድ ሰው ደግሞ ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ ወይም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማቆየት አለበት። ቀዝቃዛ መስታወት እርጥብ አየር ሲያገኘው ልክ ትኩስ ሻይ ፊት እንደ ተደረገ መነጽር ያልበዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ከገባም የሻጋታ መነሻ ይሆናል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

የእኛ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ግማሽ ሰዓት ለምርመራ መስጠት ይገባል። የሌንሱን ክዳኖች ሁለቱንም አንሥቶ በአንዱ በኩል ባትሪ እያበሩ በሌላው በኩል ማየት ነው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ከታየ ሻጋታ ነውና ይተዉት። ጥቂት አቧራ ግን ጉዳት የለውም። ከፊተኛው መስታወት ጭረት ይልቅ የኋለኛው መስታወት ጭረት ሥዕል ያበላሻል።

ቀጥሎ አንድ ጋዜጣ በግድግዳ ላይ ዘርግተው በቀጥታ ያንሡት፤ አንድ ጊዜ ቀዳዳውን ከፍተው፣ አንድ ጊዜ 8 ላይ አድርገው። አራቱም ማዕዘን እኩል ካልተነበበ፣ አንዱ ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ፣ ሌንሱ ወድቆ መስታወቱ ከቦታው የተናጋ ሊሆን ይችላል። ለቦዲው ደግሞ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርገው ሰማይ ያንሡ፤ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በሰሌዳው ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፤ አቧራ ይጠረጋል፤ የማይለቅ ጭረት ግን አይጠረግም። የመዝጊያውንም ቁጥር ይጠይቁ። የርካሽ ቦዲ መዝጊያ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ 90,000 ያነሣውን በአዲስ ዋጋ መግዛት ሞኝነት ነው። ደረሰኝ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የተሰረቀ ዕቃ ከመግዛት ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ሻጩ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ቢል እንኳ መቸኮል አይገባም።

እንግዲህ ጠቅለል አድርገን ስንናገር፣ በእጁ የአንድ ዕቁብ ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው ከ12 እስከ 24 ሜጋፒክስል የሆነ ያገለገለ፣ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ቦዲ ይግዛ፤ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ በሌንስ ላይ ያውል። አውሬ የሚወድ ከሆነ አስቀድሞ ማረጋጊያ ያለውን ረዥም ሌንስ፣ ሰውና ጫካ የሚወድ ከሆነ 50 ሚሊሜትሩን ይምረጥ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለመያዝ ብሎ በሁለቱም ደካማ የሆነ ዕቃ ከመግዛት አንዱን ይዞ ሌላውን እስከ ሚቀጥለው ዕቁብ መጠበቅ ይሻላል። ሁለተኛ ባትሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑረው። ቦዲ በአምስትና በስድስት ዓመት ያረጃል፤ በደንብ የተያዘ ሌንስ ግን ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ ዘመን ያገለግላል።

በሚቀጥለው ዓምዳችን የቀትር ፀሓይ በሚበረታበት ደጋ ላይ የሰው ፊት ሳይጨልም እንዴት እንደሚነሣ እንመለከታለን።